በአንድ ጀንበር የተጣለ ክኒን

ሁለት ሌሊት አልተኛችም፤ ሦስተኛውም ዓይኗን ጨፍና ስልክ ስትጠብቅ ነጋባት። አሁን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው፤ ሰልካ ቱኒስ ከተማ፣ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ኮሪደር ውስጥ፣ አንድ እግሩ በሚነቃነቅ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ በእጇ ዐርባ አንድ የሚል ብጣሽ ወረቀት ይዛለች፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ ገና አሥራ ሰባት ነው የሚለው፤ አገር ቤት ኑዋክሾት ውስጥ ደግሞ ታናሽ እህቷ ቱቱ አንድ የግል ክሊኒክ አልጋ ላይ ሆና የደም ግፊቷ እየወረደ ነው። ወባ ነው ብለዋል። ትናንት ወባ ነበር፣ ከትናንት ወዲያ የሆድ መመረዝ ነበር፣ አክስቷ ነብጉሃ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዓይን ነው ትላለች፣ ሙሽራ ስትወፍር ዓይን ይበላታል ትላለች፤ ሦስቱም ውሸት ነው። ምን እንደሆነ በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛዋ ራሷን አታውቅም፣ ሁለተኛዋ እያወቀች ዓይን ነው ትላለች፣ ሦስተኛዋ ዐርባ አንድ ቁጥር ይዛ ተቀምጣለች።

ፓስፖርቷ ከሰሌዳው ሥር ካለው የአገልግሎት መስኮት ጀርባ ነው። የመኖሪያ ፈቃዷን ለማሳደስ ካስገባችው ሰባተኛ ሳምንቱ ነው፣ ያለ እሱ አውሮፕላን አትሳፈርም፤ ዛሬ ብታገኘው ማታ ካዛብላንካ ላይ ተዛውራ ነገ ኑዋክሾት ትገባለች፤ ነገ ደግሞ ምን ያደርግልኛል ትላለች፣ ነገ ሬሳ አጣቢ ነው የሚፈለገው፤ ከዚያ ምላሷን ትነክሳለች፣ እንዲህ አይባልም፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ይህን ከእሷ በላይ ማን ያውቃል። ለሐኪሙ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ቢነገረው በግማሽ ሰዓት ነገሩ ይለወጣል። አንድ ዐረፍተ ነገር! ይቺ ልጅ ስምንት ወር ሙሉ የማወፈሪያ ክኒን ስትውጥ ቆይታ ድንገት አቁማለች። ያቺን ዐረፍተ ነገር አክስቷ ለሐኪሙ እንድትነግር ትናንት አራት ጊዜ ለምናታለች፤ አራቴም እሺ ብላታለች፤ አልነገረችም። ዛሬ ስልኳን አታነሳም፤ እናቷ ደግሞ የራሷ ስልክ የላትም። የክሊኒኩ ስልክ ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ «ቤተሰብ ከሆንሽ እዚህ ያለውን ቤተሰብ አነጋግሪ፣ ዶክተሩ ሕመምተኛ ላይ ነው» ብላ ትዘጋለች። ሕመምተኛዋ ማን ሆነችና! ስለዚችው ሕመምተኛ እኮ ነው!

ዘበኛው ሞንጂ ይባላል። ጺሙን በጥንቃቄ የላጨ፣ ሆዱ ቀበቶውን ያለፈ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በጣቱ ማሳየት የሚወድ ሰው ነው። ጠዋት ገና አክስቷ ዘንድ ስትደውል መጥቶ ጣቱን ሰነዘረ።

«እህቴ፣ ስልክ ማውራት ክልክል ነው።»

«እህቴ ታማብኛለች።»

«አላህ ይማራት። ውጭ ወጥተሽ አውሪ።»

«ውጭ ከወጣሁ ተራዬ ያልፋላ!»

«ሊያልፍም ይችላል፣ ላያልፍም ይችላል» አለ ሞንጂ፣ በሁለቱም መንገድ ደስተኛ ሆኖ። ከዚያ የስልኩን ባትሪ አየ፣ ስምንት በመቶ ነበር፣ ምላሱን ጣ አደረገ። «ምን ዓይነት ሰው ነው በዚህ ባትሪ ቢሮ የሚመጣ? አምጪው ጠረጴዛዬ ላይ እሰካልሻለሁ። ከጮኸ ግን አላነሳም፤ ክልክል ነው።» ስልኩን ሰጠችው። ከሰጠችው በኋላ እጇ የሚይዘው አጣ፤ የተከናነበችውን መልሕፋ ጫፍ ታጣምማለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታጣምማለች።

አራት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ክኒን ነው ያጠናችው። ይኼ ነው የሚያንገበግባት፤ ሌላ ነገር ብታጠና፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ ድንጋይ ብታጠና ኖሮ እኮ ይቅርታ ይኖረው ነበር። ክኒኑ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ንጥረ ነገር መስሎ ነው የሚመጣው፤ ሕዋሱ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል፤ እዚያ የሚጠብቀው ተቀባይ የሚባል ፕሮቲን አለ፣ ሁለቱ ይያያዙና ወደ ኒውክለሱ ይዘልቃሉ፣ ከዚያ ወዲያ ትእዛዝ ነው፤ ብግነት ያስነሱትን ሕዋሳት ተረጋጉ ይላቸዋል፣ በሽታ የሚከላከሉትን ቁጭ በሉ ይላቸዋል፣ አጥንት ገንቢዎቹን ሥራ አቁሙ ይላቸዋል። መገጣጠሚያው አብጦ ሌሊት የሚያለቅስ ሰው በዚህ ክኒን ጠዋት ተነሥቶ ይሄዳል፤ ዓመት ካለፈ ደግሞ ያው ሰው ሲያስነጥስ የጎድን አጥንቱ ይሰበራል። የሰልካ ሥራ አንደኛውን ትእዛዝ ከሌላው መነጠል ነበር፣ ቁጣው በርዶ አጥንቱ እንዲተርፍ። አለቃዋ ዶክተር ራውዳ ሁልጊዜ የምትለው ነገር አለ፤ «ተቀባዩን አትውቀሱት፤ እሱ ምስኪን የታዘዘውን ነው የሚፈጽመው። አዛዡን እዩ።» ተማሪዎቹ ይስቃሉ። ሰልካም ስቃለች፤ ትስቅ ነበር።

ክኒኑ ሌላም ጉድ አለው፣ ይህንንም ታውቃለች፣ በደንብ ታውቃለች፣ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ራሷ አስተምራዋለች። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ሁለት ትንንሽ እጢዎች፣ ሥራቸውን ሌላ ከሠራላቸው ይተኛሉ። ወር፣ ሁለት ወር፣ ስምንት ወር ይተኛሉ። ክኒኑ በአንድ ቀን ከተቋረጠ እጢዎቹ አይነቁም፤ ሰውነት ባዶውን ይቀራል፤ ትውከት ነው፣ ድካም ነው፣ የደም ግፊት መውረድ ነው፣ ከዚያ ማለቅ ነው። ስለዚህ ቀስ እያሉ፣ ሳምንት በሳምንት፣ ሩብ በሩብ ነው የሚቀነሰው። ይህንን ሰሌዳ ላይ ጽፋ ከሥሩ ሁለቴ አስምራበታለች። ከልጆቹ አንዱ እንኳ «ዶክተር፣ ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል?» ብሎ ነበር። መጣ! በኔ ላይ መጣ፣ ወደቅሁም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቱቱ ደጃፍ ላይ ባለች አንዲት ደረጃ ተደናቅፋ፣ አንዲት ደረጃ ብቻ፣ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ፎቶ ላከች፣ ጄሶው ላይ ሂና በሚመስል ቀለም አበባ ሥላበታለች፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሰልካ ፎቶውን አጉልታ ጣቶቹን አየች፣ ከዚያ ፊቷን አየች፤ ሙሉ ጨረቃ የመሰለ ክብ ፊት፣ ከአንገቷ በታች የተከመረ ሥጋ፣ ክንዷ ግን ቀጭን። ይህን ፊት ታውቀዋለች፣ መጽሐፍ ላይ አይታዋለች። እናታቸው ግን በዚህ ፊት ላይ የምታየው የወተት ውፍረት ነው። በእናታቸው ዘመን ልጃገረድ ለባል እንድታምር በግመል ወተት ነው የምትወፍረው፣ ጎድጓዳውን ጣሳ እስክትጨርስ እየተቆነጠጠች፤ ሰልካ በዘጠኝ ዓመቷ ወተቱን አሸዋ ላይ እየደፋች አመለጠች፣ ቀጭን ሆና ቀረች፣ ሰፈሩ «የድንኳኗ እንጨት» ይላት ነበር፤ እሷም ሄዳ ምሁር ሆነች። ቱቱ ታዛዥ ናት። ቱቱ የቀረበላትን ትጠጣለች። ሠርጉ በኅዳር ይሆናል ተብሎ ወደ ጥር ሲዛወር፣ ከጥር ወደ ሚያዝያ ሲዛወር፣ ሥጋዋ እንዳይቀንስ ገበያ ውስጥ ከምትሸጥ አንዲት ሴት ክኒኑን በወረቀት ጠቅልላ ገዛች፣ ለእናቷም ስኳር የገባበት ወተት፣ ዝሪግ ነው የሚያወፍረኝ እያለች በወተቱ አሳብባ ደበቀች፤ አክስቷ ብቻ ታውቅ ነበር።

ታዲያ የዛሬ ሳምንት ሰልካ ደውላ አፋጠጠቻት። ላቦራቶሪ ውስጥ ሆና፣ ነጭ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ የሚሞቱ የአጥንት ሕዋሳት ተቀምጠው። ቱቱም አላስተባበለችም።

«ስምንት ወር! ስምንት ወር ሙሉ መርዝ ስትውጪ?»

«መርዝ አይደለም፣ ሁሉም ይውጠዋል። የመርየምን ሠርግ አላየሽም? በሁለት ሰው ተደግፋ ነው የገባችው፣ ማማሯ!»

«አጥንትሽን በላው እኮ! እጅሽ ለምን ተሰበረ ይመስልሻል?»

«ዓይን ነው አለች አክስቴ።»

«አክስትሽ ትደንቁር! ቱቱ፣ ስሚኝ—»

«አንቺ ስሚኝ» አለች ቱቱ፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ መቼም አድርጋ አታውቅም። «አንቺ ቀጭን ሆነሽ ምን አገኘሽ? ሠላሳ አራት ዓመትሽ ነው። እናቴ ስላንቺ ስትጠየቅ ትምህርቷን ታወራለች፣ ሌላ የምታወራው ስለሌላት። እኔ እንዳንቺ መቅረት አልፈልግም።»

እዚህ ላይ ነው። ሰልካ ይህን ቦታ ሦስት ሌሊት ሙሉ ስትመላለስበት አድራለች፣ እንደ ጥርስ ሕመም በምላሷ እየነካካች። ከዚህች ቃል በኋላ የተናገረችው ሳይንስ አልነበረም። ሰሌዳው ላይ ያሰመረችው መስመር ከአእምሮዋ ጠፋ፣ እጢ የለ፣ ተቀባይ የለ፤ የነበረው ንዴት ብቻ ነው። «አሁኑኑ ሽንት ቤት ድፊው» አለቻት። «ዛሬ። አንዲት ፍሬ እንዳትቀር። ካልደፋሽው ለሙሽራው እናት እኔ ራሴ ደውዬ እነግራታለሁ!» ቱቱ በጣም ቀጭን በሆነ ድምፅ «እሺ» አለች። እሺ! ሰልካ ያን ዕለት ማታ ምስር ሾርባዋን ጠጥታ፣ እህቷን ያዳነች መስሏት፣ ደህና እንቅልፍ ተኛች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን ያፈሰሰችው የሚለቀም አይደለም።

ሰሌዳው ሠላሳ ዘጠኝ አለ። መቼ ደረሰ? አንቀላፍታ ነበር እንዴ? ከአጠገቧ የተቀመጠ የማሊ ተማሪ ትከሻዋን ነካ አድርጎ «እህቴ፣ እየደረሰሽ ነው» ይላታል። ትነሣለች፣ ዐርባ አለ፣ ዐርባ አንድ። መስኮቱ ጋ ትደርሳለች። ከመስተዋቱ ጀርባ ያለችው ሹም መነጽሯን በጸጉሯ ላይ ሰክታ ፋይሉን ትገልጣለች፤ የሰልካ አረንጓዴ ፓስፖርት እዚያ ነው፣ በሁለት ጣት የሚደረስበት ርቀት ላይ።

«ቴምብሩስ?»

«የምን ቴምብር?»

«የማደሻው ቴምብር ነዋ። ከገንዘብ ቢሮ የሚገዛው።»

«ባለፈው ጊዜ እኮ የኪራይ ውል ብቻ ነው የቀረሽ ብላችሁኝ ነበር።»

«ባለፈው ጊዜ የጎደለው የኪራይ ውሉ ነበር» አለች ሹሟ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱት። «እሱ ሲሟላ ደግሞ የሚጎድለው ቴምብሩ ነው።»

ሰልካ ለመጮህ አፏን ከፈተች፤ ከኋላዋ ግን የጫማ ኮቴ ሰማች። ሞንጂ ነው። ሆዱን አስቀድሞ፣ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ እጅ እያገላበጠ ይመጣል፤ ስልኩ ይጮሃል፣ ገመዱ መሬት ላይ ይጎተታል። «ነብጉሃ ይላል! ነብጉሃ! አላነሳሁም፣ ክልክል ነው፤ አንቺ ግን አንሺው!»

«ከመስኮቱ ከሄድሽ ተራሽ አለፈ» አለች ሹሟ።

ሰልካ ፓስፖርቱን አየችው። ከዚያ ስልኩን ከሞንጂ እጅ ነጠቀች።

«አክስቴ! ለሐኪሙ ነገርሽው?»

«ወዮ ልጄ» ነብጉሃ ታለቅሳለች፣ በሹክሹክታ፣ ስልኩን በመልሕፋዋ ሸፍና እንደሆነ ድምፅዋ ይናገራል። «አሁን ደግሞ ስንጠራት አትሰማም። ግሉኮስ ነው የሰኩላት።»

«ለሐኪሙ ነገርሽው ወይ ነው የምልሽ!»

«አልነገርኩትም።»

«ለምን? ለምን አክስቴ? የሙሽራው ቤት ይሰማል ብለሽ? ልጅቱ ልትሞት ነው እኮ፣ የምን ገበና ነው የምትሸፍኚው!»

«የማንን ገበና መሰለሽ?» አለች ነብጉሃ፤ ልቅሶዋን አቋርጣ፣ ተቆጥታ። «የሙሽራው ቤት ጥንቅር ይበል! ክኒኑን ብነግረው ሐኪሙ ማን አስቆማት ብሎ ይጠይቀኛል። እናትሽ አጠገቤ ናት፣ ከአልጋው ሥር አልተነሣችም። ምን ልበል? ሰልካ ናት ልበል? እናትሽ በዚህ ዓለም ላይ ቀና ብላ የምትሄደው ባንቺ ነው፤ ልጄ ሐኪሞችን ታስተምራለች እያለች። ሁለት ልጅ በአንድ ቀን ላሳጣት? እኔ አልችልም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

ኮሪደሩ ጠበበባት። ሦስት ቀን ሙሉ ይህችን ሴት ስትረግም፣ ደንቆሮ ስትላት፣ ከገበያዋ ሻጭ፣ ከክሊኒኩ ልጅ፣ ከሞንጂ፣ ከሹሟ ጋር ደርድራ ስትከሳት ኖራለች፤ ለካስ ሴትዮዋ ጥርሷን ነክሳ የተሸከመችው የሰልካን ጥፋት ነው። የኔን! እህቴ ስለኔ ክብር ልትሞት ነው።

«አክስቴ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጊው።»

«ምን ልትዪ ነው?»

«አድርጊውና ወደ ክፍሉ ግቢ። ሐኪሙን ጥሪው። በስልክ ትፈለጋለህ በይው።»

ኮቴ ተሰማ፣ በር ተሰማ፣ የሆነ ማሽን ቲክ ቲክ ይላል፤ ከዚያ የደከመው የወንድ ድምፅ። «ዶክተር ባ ነኝ። ማን ልበል?»

«እናቴ እዚያ አለች?»

«አለሁ» አለች እናቷ ከሩቅ።

ሰልካ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ኮሪደሩ ሁሉ ይሰማል፣ ይስማ። «ዶክተር፣ ወባ አይደለም። ለስምንት ወር በየቀኑ የማወፈሪያውን ክኒን ስትውጥ ነበር፣ ኮርቲዞኑን። በአንድ ቀን አቆመች። ዛሬ ሰባተኛ ቀኗ ነው። እጢዎቿ አይሠሩም። በደም ሥሯ ሃይድሮኮርቲዞን ስጣት፣ አሁን፣ ምርመራ ሳትጠብቅ፣ ጨው ያለው ፈሳሽም ጨምር።»

የሚጎተት ወንበር ተሰማ። ዶክተር ባ ነርሷን ጮኾ ጠራ፣ የመድኃኒቱን ስም ሁለት ጊዜ ደገመ፣ ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰ፤ የተቆጣ ሰው ነው፣ መቆጣትም ይገባዋል። «ማን አባቱ ነው ይህን ክኒን በአንድ ቀን ጣዪው ያላት? የገበያዋ ሴትዮ እንኳ እንዲህ አትልም!»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

«ታላቅ እህቷ። ሥራዬም ይኸው ክኒን ነው፤ አራት ዓመት አጥንቼዋለሁ። አውቅ ነበር። ተናድጄ ነው።»

ሐኪሙ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሰልካ ቆማለች፤ የማሊው ተማሪ መሬት መሬት ያያል፣ ሹሟ መነጽሯን ከጸጉሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አድርጋለች፣ ሞንጂ የስልኩን ገመድ ጫፍ ይዞ ወደ ግድግዳው ሶኬት እያየ ነው። ከዚያ የእናቷ ድምፅ ቀረበ።

«ሰልካ።»

«እማዬ።»

«አንቺ ነሽ ያልሻት?»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

ማሽኑ ቲክ ቲክ ይላል። ሰልካ እናቷ የምትረግማት መሰላት፣ እንድትረግማትም ፈለገች። «ስልኩን እንዳትዘጊው» አለች እናቷ። «እህትሽ እስክትነቃ ድረስ እዚያው ቁሚ። የምሰማውን አብረሽኝ ስሚ።»

ሞንጂ ወንበሩን ከጠረጴዛው ጀርባ አንሥቶ ሶኬቱ አጠገብ አስቀመጠላት። ማስታወቂያው ከራሷ በላይ ነበር፤ በጣቱ አላሳየም። ሰልካ ተቀምጣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የእህቷን ክፍል ታዳምጣለች፤ የመርፌ ጠርሙስ ሲሰበር፣ ነብጉሃ ዱዓ ስታደርግ፣ እናቷ አፍንጫዋን ስትጠርግ፣ ውጭ ውኃ ሻጭ አህያውን ሲገሥጽ። ሰሌዳው ስልሳ አለ። ሰባ አለ። ቢሮው ለምሳ ተዘጋ፣ ሹሟ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስታልፍ ቆም አለችና «የገንዘብ ቢሮው እስከ ስምንት ሰዓት ክፍት ነው» ብላት ሄደች። ሰልካ ራሷን ነቀነቀች፣ ግን አልተነሣችም። እጢው ስንት ጊዜ ይፈጅበታል፣ ደሙ ውስጥ የገባው መድኃኒት ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ተቀባዩን ሲያገኘው፣ ኒውክለሱ ውስጥ ሲዘልቅ፤ ታሰላለች፣ ያሰላችውን ትረሳዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። አሁን የፈለገውን ይዘዝ፣ አጥንቷንም ይብላ፣ ብቻ ትንቃ። አራት ዓመት ስትጣላው የኖረችውን ነገር ሂድ፣ ፍጠን እያለች ትለምነዋለች።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እናቷ «ዓይኗን ገለጠች» አለች። ነብጉሃ እልልታዋን ለቀቀችው። ዶክተር ባ «ዝም በሉ፣ ግፊቷን ልለካ» ብሎ ተቆጣ፣ ለካ፣ እንደገና ለካ፣ «ወጥቷል» አለ። ስልኩ ቱቱ ጆሮ ላይ ሲደገፍ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ተሰማ፣ የእህቷ ትንፋሽ ተሰማ፣ አጭር፣ ትኩስ።

«ሰልካ?»

«አለሁ ቱቱ። አለሁ እህቴ።»

«ደፍቼዋለሁ እኮ» አለች ቱቱ፣ በዚያ መቼም ከፍ ብሎ በማያውቅ ድምፅዋ፣ እንድትመሰገን የምትጠብቅ ልጅ መስላ። «እንዳልሽኝ፣ ያንኑ ቀን። አንዲት ፍሬ እንኳ አላስቀረሁም።»